አስገዳጅ ዝቅተኛ የመኪና ኢንሹራንስ (ዩናይትድ ስቴትስ)

አስገዳጅ ዝቅተኛ የመኪና ኢንሹራንስ በዩናይትድ ስቴትስ መኪና በሕዝብ መንገድ ላይ ለማሽከርከር በግዛት ሕግ የግድ መያዝ ያለበት ትንሹ የተጠያቂነት ሽፋን ነው። ሽፋኑ አሽከርካሪው በጥፋቱ በሌላ ሰው አካል ወይም ንብረት ላይ ላደረሰው ጉዳት ካሳ ይከፍላል። ለጥፋተኛው አሽከርካሪ የራሱ ሕክምናም ሆነ ለመኪናው ጥገና አይከፍልም። በዓላማው በኢትዮጵያ «የሦስተኛ ወገን መድን» ከሚባለው ጋር ይመሳሰላል።

የሽፋኑን መጠን የሚወስነው የፌዴራሉ መንግሥት ሳይሆን እያንዳንዱ ግዛት ነው። ስለዚህ በአንዱ ግዛት በቂ የሆነው ኢንሹራንስ በጎረቤቱ ግዛት ከሕጉ በታች ሊሆን ይችላል። በሕጉ የተጻፈው ገንዘብ የኢንሹራንስ ኩባንያው የመክፈል ግዴታ ጣሪያ እንጂ የአሽከርካሪው ዕዳ ጣሪያ አይደለም። ጉዳቱ ከሽፋኑ ከበለጠ ቀሪውን የሚጠየቀው አሽከርካሪው ራሱ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ከኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## ሦስቱ ቁጥሮች

የግዛቶች ሕግ አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጸው በሦስት ቁጥሮች ነው። ለምሳሌ 25/50/25 ተብሎ ሲጻፍ እያንዳንዱ ቁጥር ሺህ ዶላርን ያመለክታል፦

- የመጀመሪያው (25) በአንድ አደጋ ለተጎዳ አንድ ሰው የአካል ጉዳት የሚከፈለው ከፍተኛ ገንዘብ፣ 25,000 ዶላር ነው።
- ሁለተኛው (50) በዚያው አደጋ ለተጎዱ ሰዎች ሁሉ በድምሩ የሚከፈለው ከፍተኛ ገንዘብ፣ 50,000 ዶላር ነው።
- ሦስተኛው (25) ለንብረት ጉዳት የሚከፈለው ከፍተኛ ገንዘብ፣ 25,000 ዶላር ነው። ንብረት ሲባል የሌላው ሰው መኪና ብቻ ሳይሆን አጥር፣ ግድግዳ፣ የመብራት ምሰሶና የመሳሰሉትንም ይጨምራል።

የአካል ጉዳት ካሳ የሕክምና ወጪን፣ በጉዳቱ ምክንያት የቀረ ደመወዝን እንዲሁም ለሕመምና ለሥቃይ የሚሰጥ ክፍያን ያጠቃልላል። ኩባንያው ከዚህ ሌላ ደንበኛው ሲከሰስ ጠበቃ ቀጥሮ የመከላከል ግዴታ አለበት። የጠበቃው ወጪ በተለመደው የግል መኪና ውል ከሽፋኑ ገንዘብ ላይ አይቀነስም።

## የአሠራሩ ምሳሌ

25/50/25 ሽፋን ያለው አንድ አሽከርካሪ ቀይ መብራት ጥሶ ሦስት ሰዎች የተሳፈሩበትን መኪና ገጨ እንበል። የመጀመሪያው ሰው ጉዳት 40,000፣ የሁለተኛው 20,000፣ የሦስተኛው 15,000 ዶላር ሆኖ ተገመተ። መኪናው ደግሞ ከጥቅም ውጭ ሆነ፤ ዋጋው 32,000 ዶላር ነው።

የአካል ጉዳቱ ድምር 75,000 ዶላር ነው። ለመጀመሪያው ሰው ከ25,000 በላይ መክፈል ስለማይቻል የሦስቱ ድርሻ 25,000፣ 20,000 እና 15,000 ይሆናል። ይህም 60,000 ስለሚመጣ ከሁለተኛው ጣሪያ ከ50,000 ይበልጣል። ስለዚህ ኩባንያው ለሦስቱም በድምሩ 50,000 ዶላር ብቻ ይከፍላል። ለመኪናው ደግሞ 25,000 ይከፍላል።

ሳይከፈል የቀረው ከአካል ጉዳቱ 25,000፣ ከንብረቱ 7,000፣ በድምሩ 32,000 ዶላር ነው። ተጎጂዎቹ ይህን ገንዘብ ከአሽከርካሪው በፍርድ ቤት ሊጠይቁ ይችላሉ። ከተፈረደበትም እንደየግዛቱ ሕግ ከደመወዙ ሊቆረጥ ወይም ንብረቱ ሊያዝ ይችላል። በብዙ ግዛቶች በመኪና አደጋ የተፈረደን ዕዳ አለመክፈል መንጃ ፈቃድንም ያሳግዳል። አሽከርካሪው ምንም ከሌለው ደግሞ ጉዳቱን የሚሸከሙት ተጎጂዎቹ ናቸው።

## ታሪክ

መኪና በአሜሪካ ከተሞች በበዛባቸው የ1920ዎቹ ዓመታት፣ ጉዳት አድርሰው መክፈል የማይችሉ አሽከርካሪዎች ጉዳይ ሁለት ዓይነት ሕጎችን አስገኘ። ኮነቲከት በ1925 ያወጣችው ሕግ አደጋ ያደረሰ አሽከርካሪ ለወደፊቱ መክፈል እንደሚችል እንዲያሳይ የሚያስገድድ ነበር። የዚህ አሠራር ጉድለት ግልጽ ነው፤ በመጀመሪያው አደጋ የተጎዳው ሰው ምንም ዋስትና አያገኝም።

ማሳቹሴትስ በዚያው ዓመት ሌላ መንገድ መረጠች። መኪና ከመመዝገቡ በፊት ባለቤቱ ኢንሹራንስ እንዲገዛ አስገደደች። ሕጉ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1927 ጀምሮ ሲሠራበት ለአንድ ሰው የአካል ጉዳት 5,000፣ ለአንድ አደጋ 10,000 ዶላር ይጠይቅ ነበር። ኒው ዮርክ በ1956፣ ሰሜን ካሮላይና በ1957 እስኪከተሏት ድረስ ሠላሳ ዓመት ያህል ብቻዋን ቆየች። ከሌሎቹ ግዛቶች አብዛኞቹ ተመሳሳይ ሕግ ያወጡት በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ነው።

ጉዳዩ በግዛቶች እጅ የቀረው በአጋጣሚ አይደለም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1869 ኢንሹራንስ በግዛቶች መካከል የሚደረግ ንግድ አይደለም ብሎ ወስኖ ነበር። በ1944 ይህን አቋሙን ሲለውጥ ምክር ቤቱ በ1945 ማካራን-ፈርገሰን የተባለውን ሕግ አውጥቶ ኢንሹራንስን የመቆጣጠር ሥልጣን ለግዛቶች መለሰ።

## የግዛቶች ልዩነት

በ2025 መጨረሻ ላይ ከነበሩት መጠኖች የተወሰኑት የሚከተሉት ናቸው (በሺህ ዶላር)፦

- ቨርጂኒያ፦ 50/100/25
- ሜሪላንድ፦ 30/60/15
- ዋሽንግተን ዲሲ፦ 25/50/10
- ካሊፎርኒያ፦ 30/60/15
- ቴክሳስ፦ 30/60/25
- ሚኒሶታ፦ 30/60/10
- ዋሽንግተን ግዛት፦ 25/50/10
- ኮሎራዶ፦ 25/50/15
- ጆርጂያ፦ 25/50/25
- ኦሃዮ፦ 25/50/25
- ኔቫዳ፦ 25/50/20
- ሰሜን ካሮላይና፦ 50/100/50
- ፔንሲልቬኒያ፦ 15/30/5

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ አንድ ሰው ሜሪላንድ አድሮ፣ ዲሲ ሠርቶ፣ ቨርጂኒያ ዘመድ ጠይቆ ሊመለስ ይችላል። በአንድ ቀን ሦስት የተለያዩ ሕጎች ባሉባቸው መንገዶች ነዳ ማለት ነው። የተለመዱት የኢንሹራንስ ውሎች ለዚህ መፍትሔ አላቸው፤ አደጋው የደረሰበት ግዛት ከፍ ያለ ሽፋን የሚጠይቅ ከሆነ ውሉ ለዚያ አደጋ እስከዚያ መጠን ከፍ ይላል። መኖሪያን ቀይሮ ወደ ሌላ ግዛት መዛወር ግን የተለየ ነው፤ መኪናው በአዲሱ ግዛት ሲመዘገብ ኢንሹራንሱም በዚያው ግዛት ሕግ መሠረት መሆን አለበት።

አንዳንድ ግዛቶች ለየት ያለ አሠራር አላቸው። ኒው ሃምፕሸር ሰውን ሁሉ ኢንሹራንስ እንዲገዛ አታስገድድም፤ ይሁን እንጂ አደጋ ያደረሰ ሰው ለጉዳቱ ከመክፈል ነጻ አይሆንም። ቨርጂኒያ እስከ 2024 አጋማሽ በዓመት 500 ዶላር ለግዛቱ ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳትን ትፈቅድ ነበር። ክፍያው ምንም ዓይነት ሽፋን አይሰጥም ነበር። ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ይህ ምርጫ ቀርቷል።

## ያለ ጥፋተኛ ፍለጋ የሚከፈልባቸው ግዛቶች

በተለመደው አሠራር ካሳ ከመከፈሉ በፊት ጥፋተኛው ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ይህ ጊዜ ስለሚወስድ ከ1971 ጀምሮ፣ በማሳቹሴትስ ቀዳሚነት፣ አንዳንድ ግዛቶች የተጎዳ ሰው ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን የመጀመሪያ ሕክምናውን ከራሱ ኢንሹራንስ እንዲያገኝ አደረጉ። አሁን ይህ አሠራር ካላቸው 12 ግዛቶች መካከል ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲ፣ ሚቺጋን፣ ሚኒሶታና ፍሎሪዳ ይገኛሉ።

በሚኒሶታ ይህ ሽፋን ለአንድ ሰው 40,000 ዶላር ሲሆን ግማሹ ለሕክምና፣ ግማሹ ለቀረ ደመወዝና ለመሳሰለው ነው። ፍሎሪዳ 10,000 ዶላር የራስን ጉዳት የሚሸፍን እና 10,000 ዶላር የሌላን ንብረት የሚሸፍን ኢንሹራንስ ትጠይቃለች። በሌሎች ሰዎች ላይ ለሚደርስ የአካል ጉዳት ግን አብዛኛውን አሽከርካሪ አስቀድማ አታስገድድም።

## ማስረጃና ቅጣት

አሽከርካሪ ፖሊስ ሲያስቆመው፣ አደጋ ሲደርስና መኪና ሲያስመዘግብ የኢንሹራንስ ማስረጃ ማሳየት ይጠበቅበታል። በብዙ ግዛቶች በስልክ የሚታይ ማስረጃ ይበቃል። ኩባንያዎችም ውል ሲቋረጥ ለመኪና መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ስለሚያሳውቁ፣ አረቦን ሳይከፈል ቀርቶ ሽፋኑ ከተቋረጠ አሽከርካሪው አደጋ ባያደርስም ሰሌዳው ሊታገድ ይችላል።

ያለ ኢንሹራንስ የተገኘ ሰው እንደየግዛቱ የገንዘብ ቅጣት፣ የመንጃ ፈቃድ ወይም የሰሌዳ እገዳ፣ አንዳንዴም የመኪና መያዝ ይደርስበታል። ፈቃዱን ለማስመለስ ኩባንያው ሽፋኑ መኖሩን ለግዛቱ የሚያረጋግጥበት ኤስአር-22 የተባለ ቅጽ ሊጠየቅ ይችላል። በካሊፎርኒያ ከ1996 ጀምሮ ኢንሹራንስ የሌለው አሽከርካሪ ሌላ ሰው ጥፋተኛ ሆኖ ቢገጨው እንኳ በአብዛኛው ለሕመምና ለሥቃይ የሚሰጠውን ካሳ መጠየቅ አይችልም።

ኩባንያዎች አንቀበልህም ላሉት አሽከርካሪ ግዛቶች ሌላ መንገድ አዘጋጅተዋል። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉትን ደንበኞች ለኩባንያዎች ያከፋፍላሉ። ሜሪላንድ ግን በ1972 ሕግ ለዚሁ የሚሆን የራሷን ተቋም መሥርታለች።

## በዝቅተኛው ሽፋን የማይካተቱ ጉዳዮች

የራስ መኪና። የራስን መኪና ከግጭት፣ ከስርቆትና ከእሳት የሚሸፍነው በተለምዶ «ፉል ከቨሬጅ» የሚባለው ነው። ይህን የሚጠይቀው የግዛቱ ሕግ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ መኪናው የተገዛበትን ብድር የሰጠው ባንክ ነው።

ኢንሹራንስ የሌለው ሌላ አሽከርካሪ። ሕግ ቢያስገድድም ከሰባት የአሜሪካ አሽከርካሪዎች አንዱ ገደማ ያለ ኢንሹራንስ እንደሚነዳ ይገመታል። እንዲህ ያለ ሰው ሲገጭ ለተጎጂው የሚከፍል ሌላ ሽፋን አለ። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ዲሲና ሚኒሶታን ጨምሮ አንዳንዶቹ ይህንንም አስገዳጅ አድርገዋል፤ በሌሎቹ ግን በምርጫ የሚገዛ ነው።

ለክፍያ ሰው ማጓጓዝ። የግል መኪና ኢንሹራንስ በተለመደው ውል ገንዘብ ተከፍሎ ሰው የሚጓጓዝበትን ጊዜ አይሸፍንም። ስለዚህ እንደ ኡበርና ሊፍት ባሉ መተግበሪያዎች ለሚሠሩ አሽከርካሪዎች ግዛቶች የተለየ ሕግ አላቸው። በብዙዎቹ ግዛቶች መተግበሪያው ተከፍቶ ጥሪ በሚጠበቅበት ጊዜ ቢያንስ 50/100/25፣ ጥሪ ከተቀበሉ በኋላ ተሳፋሪው እስኪወርድ ድረስ ደግሞ 1 ሚሊዮን ዶላር የተጠያቂነት ሽፋን ሲጠየቅ ቆይቷል። መተግበሪያው ሲዘጋ የሚሠራው የግሉ ውል ብቻ ነው።

## የመጠኑ ማነስ ክርክር

ሕግ የወሰነው ቁጥር ሕግ አውጪው እስኪለውጠው ድረስ ባለበት ይቆማል። የሕክምናና የመኪና ዋጋ ግን አይቆምም። የዚህ ጎላ ያለ ምሳሌ ካሊፎርኒያ ናት። ከ1967 እስከ 2024 መጨረሻ 15/30/5 ላይ ቆይታለች። በእነዚያ ዓመታት የአገሪቱ የሸቀጥ ዋጋ ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ስለጨመረ፣ የ1967ቱን 15,000 ዶላር የመግዛት አቅም ለማግኘት በ2024 ከ135,000 ዶላር በላይ ያስፈልግ ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ወደ 30/60/15 ከፍ ብሏል፤ በ2035 ወደ 50/100/25 እንዲያድግም በሕጉ ተጽፏል።

መጠኑ ከፍ ይበል የሚሉ ወገኖች አነስተኛ ሽፋን ወጪውን አያጠፋውም፤ ከጥፋተኛው ወደ ተጎጂው፣ ወደ ሆስፒታሉና ወደ ሕዝብ ግብር ያዛውረዋል እንጂ ይላሉ። ተቃዋሚዎቻቸው ደግሞ መጠኑ ሲጨምር አረቦኑም ስለሚጨምር፣ ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ሰዎች ኢንሹራንሱን ጭራሽ ይተዉታል ብለው ይከራከራሉ። ካሊፎርኒያ ለዚህ መልስ እንዲሆን ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነና ጥሩ የመንዳት ታሪክ ላላቸው አሽከርካሪዎች በቅናሽ የሚሸጥ ኢንሹራንስ አዘጋጅታለች።

ለአሽከርካሪው በተግባር የሚጠቅመው ነጥብ የዋጋው ልዩነት ነው። ሽፋን በእጥፍ ሲጨምር አረቦኑ አብዛኛውን ጊዜ በእጥፍ አይጨምርም፤ ምክንያቱም አነስተኛ አደጋዎች ብዙ፣ ከባድ አደጋዎች ግን ጥቂት ናቸው። ቤት፣ ቁጠባ ወይም ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው በክስ የሚያጣው ስላለው ከሕጉ ዝቅተኛ መጠን በላይ እንዲገዛ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

## ከኢትዮጵያ ሕግ ጋር ያለው ልዩነት

በኢትዮጵያ የተሽከርካሪ ሦስተኛ ወገን መድን አስገዳጅ የሆነው በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ሲሆን፣ ይህን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ተክቶታል። በኢትዮጵያ ግዴታው በአንድ አዋጅ ለመላ አገሪቱ የተደነገገ ስለሆነ ከክልል ክልል አይለያይም። መድን በሌለው ወይም ገጭቶ ባመለጠ ተሽከርካሪ ለተጎዱ ሰዎች ካሳ የሚከፍል የመድን ፈንድም አለ። በአሜሪካ ግን እንዲህ ላለው ጉዳት በአብዛኛው የሚደርሰው ተጎጂው ወይም ቤተሰቡ አስቀድሞ የገዛው ሽፋን ነው።