የምድጃ ዳር ትምህርትና ክፉ ቀን በወለጋ

ስለ ወለጋ ትምህርት ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከተማሪ ቤት ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ግን ከተማሪ ቤት በፊት ስለ ነበረው ትምህርት ነው፤ ይኸውም ልጅ በወላጆቹ ቤት በሥራና በጨዋታ እየተማረ ራሱን እንዲችል፣ ክፉ ቀንም ቢመጣ መላ እንዳያጣ የሚዘጋጅበት ነው። የዚህን ትምህርት ዋጋና ወሰን በነቀምቴ በኖሩ በሁለት ሰዎች ሕይወት ለማሳየት እሞክራለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በወለጋ ገበሬ ቤት ልጅ ሥራ የሚማረው ከታላላቆቹ ጋር እየሠራ ነበር። ወንዱ ልጅ መጀመሪያ ጥጃ፣ ቀጥሎም ከብት ይጠብቃል፤ ማታ ቆጥሮ ያስገባል፤ የጎደለ ቢኖር ዱካውን ተከትሎ ይፈልጋል። ሴቷ ልጅ ውሃ ትቀዳለች፣ እህል ትፈጫለች፤ ሌሊት እሳቱ እንዳይጠፋ ፍሙን በአመድ ቀብራ ታሳድራለች። በጓሮ የሚተከለው አንጮቴም የራሱ ትምህርት ነበረው። ሥሩ በመሬት ውስጥ ስለሚቆይ፣ የትኛው ተቆፍሮ እንደሚበላና የትኛው ለዘር እንደሚተው ልጁ ከእናቱ ጋር እየቆፈረ ይለያል። ስለ ቁጠባ ማንም ቆሞ አይሰብከውም፤ ቆጥቦ ያያል እንጂ።

ሲመሽ ደግሞ ትምህርቱ ወደ ምድጃ ዳር ይዛወራል። ኦሮሞዎች ሂቦ የሚሉት እንቆቅልሽ፣ ተረቱና ምሳሌው ይቀርባል፤ ልጁም የአባቱን፣ የአያቱንና የቅድመ አያቱን ስም ሳያቋርጥ መቁጠር ይለማመዳል። ይህ ነገር ጨዋታ ቢመስልም ጥቅሙ ከጨዋታ ያለፈ ይመስለኛል። የዘሩን ቆጠራ የሚያውቅ ልጅ ከቤቱ ርቆ ቢገኝ የማን ልጅ እንደ ሆነ መናገር ይችላልና።

የዚያ ዘመን ክፉ ቀን ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ ረኃብ ነው። ከ1888 እስከ 1892 የከብት በሽታ የአገሪቱን በሬዎች በፈጀ ጊዜ አራሹ ያለ ጥማድ ቀርቶ ብዙ ሕዝብ አለቀ። ለረኃብ ጎተራና የጓሮ ተክል ጥቂት ይረዳሉ። ሁለተኛው ግን ጎተራ የማይመልሰው የባሪያ ፈንጋይ ነው።

በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ የተወለዱት ኦኔሲሞስ ነሲብ ይህ ክፉ ቀን ደርሶባቸዋል። ታሪካቸው እንደሚያስረዳው አባታቸው በሕፃንነታቸው ሞቱ፤ ፈንጋዮችም ደጋግመው ሞክረው ሳይሳካላቸው ከቀረ በኋላ በመጨረሻ ከእናታቸው ነጥቀው ወሰዷቸው። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ሲሸጡ ቆይተው በ1870 በምፅዋ ነጻ ወጡ። አስቴር ጋኖም በነጻነት ተወልደው ሳለ በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ባሪያ ሆኑ፤ ወደ ዐረብ አገር ሊሸጡ በመርከብ ሲወሰዱ በ1886 የኢጣልያ መርከቦች አስጣሏቸው። ሁለቱም በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ፣ በስዊድን ሚስዮን ተማሪ ቤት ተማሩ።

ኦኔሲሞስ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጐም በተነሡ ጊዜ አንድ ችግር ገጠማቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከአገራቸው ርቀው ስለ ኖሩ የቋንቋው ጥልቅ አነጋገር ጐድሎባቸው ነበር። ይህን ጉድለት የሞሉት አስቴር ናቸው። የቃላት ስብስብ አዘጋጁ፤ 500 ያህል እንቆቅልሾች፣ ተረቶች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖችም ጻፉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በ1894 በታተመው የጀማሪዎች የንባብ መጽሐፍ ገቡ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 ታተመ። እንግዲህ ያ የንባብ መጽሐፍ ከባሕር ማዶ የመጣ ትምህርት ብቻ አልነበረም፤ ፊደል የለበሰ የምድጃ ዳር ጨዋታ ጭምር ነበር። አስቴር በግዞት ዓመታት ከብትም ጎተራም አልነበራቸውም። በቃላቸው የያዙትን ግን የሚሸጥም የሚገዛም አልነበረም።

በ1904 ሁለቱም ወደ ወለጋ ተመለሱ። ነቀምቴ ያን ጊዜ በደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በቀድሞ ስማቸው በኩምሳ ሞረዳ፣ ትገዛ ነበር። አስቴር በዚያ መምህርት ሆኑ፤ ኦኔሲሞስም በ1931 በዚያው አረፉ። ከምድጃ ዳር የተወሰደው ቃል በመጽሐፍ ሆኖ ወደ ወለጋ ልጆች ተመለሰ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የቤት ትምህርትን ያለ ልክ ማመስገን አይገባም። ልጆቹን ከመነጠቅ አላዳናቸውም። አንዲት መበለት ብቻዋን ልጇን ከታጠቀ ፈንጋይ ልትጠብቅ አትችልም፤ ይህ የቤተሰብ ሳይሆን የመንግሥትና የሕግ ሥራ ነበር። ባርነትን ፈጽሞ የሻረው አዋጅ ግን የወጣው በ1942 ነው። ከአስቴር ጋር የተነዱ፣ መርከብ ያላስጣለላቸው ልጆችም የየቤታቸውን ተረት ያውቁ ነበር፤ ዛሬ ስማቸውን እንኳ የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ የምድጃ ዳር ትምህርት ክፉ ቀንን አይከለክልም፤ ከክፉ ቀን በኋላ ግን ሰው እንደ ገና የሚቆምበትን ያቆያል። ባልንጀሮቼ ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜ ወደየአገራቸው ሲሄዱ ሽማግሌዎችን ስለ ጦርነትና ስለ ሹመት ብቻ ሳይሆን፣ ልጅ ሳሉ እሳት ማሳደርን ማን እንዳስተማራቸውም ቢጠይቁ፣ ያልተጻፈው የትምህርታችን ታሪክ በብዙ ይሟላል።