ዲ-ቅርጽ የኤሌክትሪክ ማገናኛዎችና አዳፕተሮች፡ ምንነት፣ ዓይነትና የአጠቃቀም ጥንቃቄ

ዲ-ቅርጽ ማገናኛ፣ በተለምዶ ዲ-ሰብ የሚባለው፣ የኮምፒውተርና የኢንዱስትሪ መሣሪያዎችን በገመድ ለማያያዝ የሚያገለግል፣ ብዙ ፒኖችን በአንድ አካል የያዘ የኤሌክትሪክ ማገናኛ ነው። ስያሜውን ያገኘው ፒኖቹን ከሚከበው የብረት ሽፋን ሲሆን፣ ሽፋኑ በአንድ ጎኑ ሰፋ፣ በሌላው ጠበብ ብሎ የላቲኑን «ዲ» ፊደል ይመስላል። ይህ ቅርጽ ማገናኛው ተገልብጦ እንዳይሰካ ያደርጋል። ሽፋኑ ከገመዱ የብረት ጥልፍና ከመሣሪያው አካል ጋር በአግባቡ ሲያያዝ ደግሞ ከውጭ የሚመጣን የኤሌክትሪክ ረብሻ ይቀንሳል።

ማገናኛውን ለገበያ ያቀረበው ካነን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ ጊዜውም 1952 እ.ኤ.አ. ነበር። በዘመኑ ከነበሩት ማገናኛዎች አንጻር እጅግ ትንሽ በመሆኑ «ሰብሚኒየቸር» ተባለ። በዛሬ የግል ኮምፒውተሮች ላይ ዩኤስቢን የመሳሰሉ ትናንሽ ማገናኛዎች አብዛኛውን ቦታውን ወስደዋል። ይሁን እንጂ በፋብሪካ መቆጣጠሪያዎች፣ በሚዛን መሣሪያዎች፣ በላቦራቶሪ ማሽኖችና በመገናኛ ዕቃዎች ላይ አሁንም በስፋት ይገኛል። በሁለት ጎኑ ያሉት ብሎኖች ንዝረት ባለበት ቦታ እንኳ ገመዱን አጥብቀው መያዛቸው ለዚህ አንዱ ምክንያት ነው።

የመጠን ስያሜ

በመደበኛው አሰያየም ከ«ዲ» ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል የሽፋኑን መጠን፣ ቁጥሩ ደግሞ የፒኖቹን ብዛት ያመለክታል። ዋና ዋናዎቹ መጠኖች የሚከተሉት ናቸው፦

• ዲኢ-9፦ ባለ 9 ፒን
• ዲኤ-15፦ ባለ 15 ፒን
• ዲቢ-25፦ ባለ 25 ፒን
• ዲሲ-37፦ ባለ 37 ፒን
• ዲዲ-50፦ ባለ 50 ፒን

ባለ 9 ፒኑ በገበያ ላይ «ዲቢ-9» ተብሎ መጠራቱ የተለመደ ነው። ይህ ከሽፋኑ መጠን አንጻር ትክክል ባይሆንም ሻጭም ባለሙያም የሚግባቡበት ስም ሆኗል። ለኮምፒውተር ስክሪን የሚያገለግለው ቪጂኤ ማገናኛም ልክ እንደ ዲኢ-9 ያለ ሽፋን አለው፤ ነገር ግን በውስጡ 15 ፒኖች በሦስት ረድፍ ተጠጋግተው ተደርድረዋል። ስለዚህ ዕቃ በሚገዛበት ጊዜ የፒኑን ብዛት፣ የረድፉን ቁጥር እና ወንዴ ወይም ሴቴ መሆኑን በግልጽ መጻፍ ስህተትን ያስቀራል።

ቅርጹ አንድ፣ ሥራው ልዩ ልዩ

የዲ-ቅርጽ ማገናኛ ዋና አደጋ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ማገናኛው የቅርጽ መስፈርት እንጂ በፒኖቹ ላይ ምን ዓይነት ምልክት እንደሚተላለፍ የሚወስን አይደለም። በባለ 9 ፒኑ ብቻ የሚከተሉት ይገኛሉ፦

• አርኤስ-232፦ በኮምፒውተር በኩል ፒን 2 መቀበያ፣ ፒን 3 መላኪያ፣ ፒን 5 የጋራ ግራውንድ ነው።
• ፕሮፊባስ፦ መረጃው በፒን 3 እና በፒን 8 ይተላለፋል።
• ካን፦ በተለመደው የኢንዱስትሪ አደራደር ፒን 2 እና ፒን 7 ጥቅም ላይ ይውላሉ።

አርኤስ-485 በበኩሉ ለሁሉም አምራቾች የጸና የፒን አደራደር የለውም፤ የየመሣሪያውን መመሪያ ማየት ግድ ይላል። አንዳንድ የመጠባበቂያ ኃይል መስጫዎች (ዩፒኤስ) ባለ 9 ፒን መሰኪያ ቢኖራቸውም የራሳቸውን ልዩ ገመድ ይፈልጋሉ። ተራ የሲሪያል ገመድ ሲሰካባቸው ኃይሉን ሊያቋርጡና የተገናኙትን ኮምፒውተሮች በሙሉ ሊያጠፉ ይችላሉ።

በቆዩ ኮምፒውተሮች ጀርባ ያለው ባለ 25 ፒን ሴቴ መሰኪያም ለፕሪንተር የተዘጋጀና በ5 ቮልት የሚሠራ ነው። የአርኤስ-232 መስመር ግን ከዚያ የላቀ፣ አዎንታዊና አሉታዊ ቮልቴጅ ስለሚጠቀም፣ በስህተት ቢሰካበት ወረዳውን ሊያበላሽ ይችላል።

አዳፕተሮች

አዳፕተሮች በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ፦

1. ወንዴን ወደ ሴቴ ወይም ሴቴን ወደ ወንዴ የሚቀይር፤
2. መጠንን የሚቀይር፣ ለምሳሌ ከ9 ፒን ወደ 25 ፒን፤
3. መላኪያንና መቀበያን የሚያቀያይር፣ «ነል ሞደም» የሚባለው፤
4. የምልክቱን ዓይነት የሚቀይር፣ ለምሳሌ ከዩኤስቢ ወደ አርኤስ-232።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሽቦን ከሽቦ ከማገናኘት ያለፈ ሥራ የላቸውም። አራተኛው ግን በውስጡ የኤሌክትሮኒክስ ወረዳ ይዟል። አርኤስ-232ን ወደ አርኤስ-485፣ ወይም ቪጂኤን ወደ ኤችዲኤምአይ በሽቦ ብቻ መቀየር አይቻልም። ከዩኤስቢ የሚነሱ ቀያሪዎችም ሁሉም አንድ አይደሉም፤ አንዳንዶቹ የሚያወጡት 3.3 ወይም 5 ቮልት ብቻ በመሆኑ፣ በአርኤስ-232 መስመር ላይ ቢሰኩ ሊቃጠሉ ይችላሉ።

ከመሰካት በፊት ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

1. የሁለቱንም መሣሪያዎች መመሪያ በመመልከት የፒኖቹን አደራደር ማነጻጸር።
2. ሁለቱንም መሣሪያዎች ማጥፋት፤ ግራውንዳቸው በትክክል መያያዙን ማረጋገጥ። በተለያየ የኃይል መስመር ላይ ባሉ መሣሪያዎች መካከል የግራውንድ ልዩነት ሊኖር ስለሚችል የኤሌክትሪክ መለያ ያለው ቀያሪ መጠቀም ይመረጣል።
3. የገመዱን ሁለት ጫፎች በመልቲሜትር በፒን በፒን መፈተሽ። ቀጥታ የሚሄደውና የሚያቀያይረው ገመድ በመልክ አይለዩም።
4. ገመድ በሚበየድበት ጊዜ ከፒኖቹ አጠገብ የታተመውን ቁጥር መከተል። ሰፊው ጎን ወደ ላይ ሆኖ ከፊት ሲታይ፣ ፒን 1 በወንዴው ላይ በግራ፣ በሴቴው ላይ በቀኝ ይገኛል፤ ከኋላ፣ ከመበየጃው በኩል ሲታይ አቅጣጫው ይገለበጣል።
5. በፕሮፊባስ መስመር ላይ በማገናኛው ያለውን የማብቂያ ሬዚስተር ማብሪያ በሁለቱ ጫፎች ላይ ብቻ መክፈት።
6. ማገናኛውን ሳያስገድዱ ማስገባት፣ ብሎኖቹን ማጥበቅ፣ ሲነቅሉም ገመዱን ሳይሆን አካሉን መያዝ።

ለብዙ ዓመታት ሊያገለግል የሚችል ማሽን በአንድ ገመድ ምክንያት ከሥራ ውጭ እንዳይሆን፣ ተቋማት ከመሣሪያው ጋር የመጣውን ገመድ በስም ለይተው ሊያስቀምጡና የፒን አደራደሩን ከጥገና መዝገቡ ጋር ሊያያይዙ ይገባል። ገመዱ ጠፍቶ ወይም ባለሙያው ተቀይሮ ሲገኝ፣ ቀጣዩ ጠጋኝ በግምት ሳይሆን በማስረጃ እንዲሠራ የሚያስችለው ይህ መዝገብ ነው።