ከአጥሩ ውጪ የሞቱት

ኤ27 የሚባለው አውራ መንገድ በደቡብ እንግሊዝ ዳርቻ ያሉትን ከተሞች እያያያዘ ያልፋል። ሾርሃም አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ሲደርስ የትራፊክ መብራት ይገጥመው ነበር። ኦገስት 22 ቀን 2015 ቅዳሜ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 16 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ፍልሰታ የሚፈታበት ዕለት። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ የአውሮፓውያኑ ናቸው።) ከቀኑ ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ በዚያ መንገድ ላይ ሁለት የ23 ዓመት ወጣቶች ለዎርዚንግ ዩናይትድ እግር ኳስ ክለብ ሊጫወቱ በአንድ መኪና ይጓዙ ነበር። ሌላ ሾፌር ሙሽራ ሊያመጣ የሰርግ መኪና ይዞ መጥቷል። ብስክሌታቸውን አቁመው ከመንገዱ ዳር ወደ ሰማይ የሚያንጋጥጡም ነበሩ፤ በማረፊያው ቅጥር ውስጥ የአየር ትርኢት እየተካሄደ ነበርና።

በ1955 የተሠራ ሆከር ሃንተር የተባለ የጦር ጄት በአየር ላይ ክብ ሠርቶ ቁልቁል ሲመለስ ቀና ማለት ሳይችል ቀርቶ እዚያው መንገድ ላይ ወደቀ። ነዳጁ ተቀጣጠለ። 11 ወንዶች ሞቱ፤ አንዳቸውም ከትርኢቱ ቅጥር ውስጥ አልነበሩም። አብራሪው አንድሩ ሂል ክፉኛ ተጎድቶ በሕይወት ተረፈ።

ሃንተርን እንግሊዞች እንደ ተራ አሮጌ አውሮፕላን አያዩትም። መሐንዲሱ ሲድኒ ካም ንድፉን አውጥቶት፣ የሙከራ አብራሪው ኔቪል ዱክ በ1951 ለመጀመሪያ ጊዜ አበረረው። በ1953 ደግሞ ዱክ በዚሁ በሰሴክስ ዳርቻ፣ ከሾርሃም ብዙም በማይርቀው በሊትልሃምፕተን በኩል በሰዓት 1,171 ኪሎ ሜትር በርሮ የዓለምን የፍጥነት ክብረ ወሰን ሰበረበት። ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ተሠርተው ለብዙ አገሮች አየር ኃይል ተሸጠዋል። ከጦር አገልግሎት ሲሰናበቱ የግል ባለቤቶች እየገዙ ለትርኢት አዋሏቸው። የዚያን አውሮፕላን መልክና ድምፅ ልጆቹን ይዞ ሄዶ ለማየት የሚጓጓውን ሰው እረዳዋለሁ፤ ቂሜም ከእሱ ጋር አይደለም።

የሃንተር ስም ግን ከሾርሃሙ አደጋ በፊትም ከሌላ እልቂት ጋር ተነሥቷል። ሴፕቴምበር 6 ቀን 1952 በፋርንቦሮ የአየር ትርኢት፣ ዲ ኤች 110 የተባለ የሙከራ ጄት ከድምፅ ፍጥነት በላይ ቁልቁል ተወርውሮ ሕዝቡን ካስደነቀ በኋላ ወደ ሜዳው ሲዞር ክንፉ ከዳውና አየር ላይ ተበታተነ። ሞተሮቹ ተነቅለው እየተወነጨፉ ሲሄዱ አንደኛው ተመልካች በሞላበት ኮረብታ ላይ አረፈ። አብራሪው ጆን ዴሪና አብሮት የነበረው ቶኒ ሪቻርድስ ሞቱ፤ ከተመልካቹም 29 ሰው አለቀ። ለዛሬ አንባቢ የሚከብደው ከዚያ የሆነው ነው፤ ትርኢቱ አልቆመም። ኔቪል ዱክ ሃንተሩን አስነሥቶ በዚያው ሰማይ ላይ በረረ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊንስተን ቸርችል ስለ ቆራጥነቱ አድናቆታቸውን በደብዳቤ ገለጹለት። ከጦርነት የወጣ ትውልድ ነበር፤ ሐዘኑን በዚያ መንገድ ነው የተሸከመው።

የፋርንቦሮ ደም ግን ሕግ አስወጣ። አውሮፕላን ከተመልካች መራቅ ያለበት ርቀት ተወሰነ፣ በሕዝብ አናት ላይ መገለባበጥም ተከለከለ። ሕጉም ሠራ። አብራሪዎች መሞታቸው አልቀረም፤ እዚያው ሾርሃም ትርኢት ላይ በ2007 ሃሪኬን የተባለ አንድ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላን ተከስክሶ አብራሪው ሞቷል። ከተመልካች ግን በብሪታንያ የአየር ትርኢት ለ63 ዓመታት አንድም ሰው አልሞተም። ችግሩ ሕጉ ዓይኑን የተከለው ቲኬት ቆርጦ በገባው ሰው ላይ መሆኑ ነው። ከአጥሩ ማዶ ያለው መንገድ፣ መብራት ቀይ ሆኖበት የቆመው መኪና፣ የዚያን ያህል አልታሰበበትም።

የሾርሃሙ በረራ እንዴት እንደከሸፈ የአየር አደጋ ምርመራ ቢሮው በማርች 2017 ባወጣው ሪፖርት ከሴኮንድ ወደ ሴኮንድ ተከታትሎታል። በአየር ላይ ክብ የሚሠራ አብራሪ ወደ ላይ ሲወጣ ፍጥነቱን በከፍታ ይለውጣል። ጫፍ ላይ ሲደርስ ተገልብጦ ነው ያለው፤ ምድር ከአናቱ በላይ ትታየዋለች። ያኔ የከፍታ መለኪያውን ማየት አለበት፤ ከስሩ ያለው አየር ለመመለሻ ካልበቃው ክቡን መጨረስ የለበትም፣ አውሮፕላኑን አገላብጦ ቀና በማድረግ መውጣት ነው ያለበት። ሂል ወደ ክቡ የገባው አክሮባት እንዲሠራ ከተፈቀደለት ከፍታ ዝቅ ብሎ ነበር። በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊኖረው ሲገባ የነበረው 575 ያህል ነው። ሞተሩም ሙሉ ጉልበቱን እየሰጠ አልነበረም። ስለዚህ ጫፉ ላይ 3,500 ጫማ ሊደርስ ሲገባው የደረሰው 2,700 ላይ ነው። የጎደለው 800 ጫማ፣ ማለትም 240 ሜትር ያህል፣ የአሥራ አንዱ ሰው ዕድሜ ነበር።

ሪፖርቱን ሳነብ የከበደኝ ግን ሌላው ነው። አውሮፕላኑ ለመሪው ይታዘዝ ነበር። ጫፉን ካለፈ በኋላ እንኳ እስከ አራት ሴኮንድ ድረስ ክቡን ትቶ መውጣት ይቻል እንደነበር መርማሪዎቹ ደርሰውበታል። ሂል ከ14,000 ሰዓት በላይ የበረረ፣ በአየር ኃይል ሃሪየር የተባለ የጦር ጄት ያበረረ፣ የመንገደኞች አውሮፕላን ካፒቴን ነበር። በሃንተር ላይ የበረረው ግን 43 ሰዓት ብቻ ነበር። ትርኢት ላይ ጄት ፕሮቮስት የተባለ ቀርፋፋ ጄትም ያበርር ነበርና፣ የዚያኛውን ከፍታና ፍጥነት በሐሳቡ ይዞ ይሆናል የሚለውን መርማሪዎቹ እንደ አንድ ምክንያት አንሥተዋል።

ሪፖርቱ አብራሪው ላይ ብቻ አልቆመም። አዘጋጆቹ ሂል ምን ምን ዓይነት ዙር ሊሠራ እንዳሰበ በዝርዝር አያውቁም ነበር፤ እንዲያውቁም ደንቡ አያስገድድም ነበር። መንገዱ በቅዳሜ ቀን በመኪና እንደሚሞላ ግን ማንም የአካባቢው ሰው ያውቃል። የአደጋ ስጋት ግምገማ የሚባለው ወረቀት ቢጻፍም፣ ጄት እዚህ ቢወድቅ ማን ላይ ይወድቃል ለሚለው ጥያቄ የሚበቃ መልስ አልነበረውም። ከአደጋው በኋላ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣኑ ሃንተሮችን አገደ፤ አሮጌ ጄቶችም በየብስ ላይ ቀጥ ብለው ከማለፍ በቀር እንዳይገለባበጡ አዘዘ። የሾርሃም ትርኢትም ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

የፍርድ ቤቱ ጉዳይ ረዥም ነው። ሂል በ11 የሰው መግደል ክስ ለንደን በሚገኘው ኦልድ ቤይሊ የወንጀል ፍርድ ቤት ቀረበ። ጠበቆቹ በበረራው ላይ አእምሮው በተገቢው መንገድ እየሠራ አልነበረም፣ ምናልባትም የስበት ጫና ያመጣው የኦክስጅን እጥረት ሊሆን ይችላል ብለው ተከራከሩ። በማርች 2019 ከሕዝብ የተመረጡት ዳኞች (ጁሪ) በሁሉም ክስ ነፃ አሉት። የምርመራ ቢሮው በዚያው ዓመት ይህንኑ የአእምሮ መታወክ ጉዳይ እንደገና አይቶ፣ የቀድሞ ድምዳሜውን የሚያስለውጥ አዲስ ማስረጃ አላገኘሁም አለ።

የሟቾቹ ቤተሰቦች ሌላ ሦስት ዓመት ጠበቁ። በእንግሊዝ ሕግ ድንገተኛ ሞትን የሚያጣራ ራሱን የቻለ ዳኛ አለ፤ ማንንም አይቀጣም፣ ሰው እንዴት እንደሞተ ግን ይወስናል። በወንጀል ችሎት ጥፋት የሚረጋገጠው ጥርጣሬ በማያስቀር ማስረጃ ነው። ለሞት አጣሪው ግን ሚዛን የሚደፋ ማስረጃ ይበቃዋል፤ ይህንንም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 በሌላ መዝገብ ወስኖ ነበር። ሁለቱ ችሎቶች የተለያየ ቦታ የደረሱት በዚህ ነው። ዳኛዋ ፔኔሎፒ ስኮፊልድ በዲሴምበር 2022፣ ከአደጋው ሰባት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ አሥራ አንዱም የተገደሉት ከሕግ ውጪ ነው ብላ ወሰነች። ሙሽራ ሊያመጣ የወጣው ሾፌርና ኳስ ሊጫወቱ የወጡት ሁለቱ ወጣቶች መዝገብ የተዘጋው በዚህ ቃል ነው።