የውሃ ወፍጮውና የመረሬው መደብ፤ የደነባ አካባቢ የቴክኒክ ታሪክ በቤተ መጻሕፍት ሲፈለግ

ከደብረ ብርሃን በስተ ምዕራብ፣ ከደነባ እስከ እነዋሪ የተዘረጋው ደጋ በብዛት መረሬ ነው፡፡ ይህ ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውሃ አቁሮ ቡቃያውን ያበሰብሳል፡፡ ስለሆነም የዚህን አገር የቴክኒክ ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ መሐንዲስ ቀዳሚ ጥያቄው ውሃውን ከማሳው ማን፣ በምን ዘዴ ያስወጣው ነበር የሚለው ሊሆን ይገባዋል፡፡ ይህን ጥያቄ ይዞ ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚገባ ሰው ግን «ቴክኖሎጂ» በሚለው ርእስ ሥር ብዙ አይጠብቅ፡፡ ሸዋን የሚመለከተው ጽሑፍ በጉዞ፣ በነገሥታት ታሪክና በእርሻ መደርደሪያዎች ተበታትኖ ይገኛል፡፡

ከጉዞ ጽሑፎች መካከል በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የተጻፉት፣ የሚሲዮናውያኑ የኢዘንበርግና የክራፕፍ የዕለት ማስታወሻ (እ.ኤ.አ. 1843) እና የእንግሊዝ መልእክተኛ የነበረው የሐሪስ ሦስት ቅጾች (እ.ኤ.አ. 1844) ዋነኞቹ ናቸው፡፡ ድሜጥሮስ የተባለ የውጭ አገር ባለሙያ ለንጉሡ የውሃ ወፍጮ ሠርቶ እንደነበር፣ ካህናቱ ግን የሰይጣን ሥራ ነው በማለታቸው ብዙም ሳይፈጭ እንደ ቆመ የሚታወቀው ከዚያን ዘመን መንገደኞች ነው፡፡ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት የኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ታሪክ እነዚህን ምንጮች በብዛት ስለ ተጠቀሙባቸው ከዚያ መጽሐፍ የግርጌ ማስታወሻዎች መጀመር ድካምን ይቀንሳል፡፡ ጀማሪ ተመራማሪ የሚሄድበትም ስፍራ ፓንክረስት የመጀመሪያ ዲሬክተር የሆኑበት፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ6 ኪሎ ነው፡፡

መንገደኞቹ የመጡት ወደ ቤተ መንግሥት ነበርና ብዕራቸው ይበልጥ የሚተጋው ጠመንጃ፣ ባሩድና የንጉሥ ግምጃ ቤት ሲያጋጥመው ነው፡፡ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር የደረሰው የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግም እንዲሁ በምኒልክ ጥላ ሥር ስለ ሠራ ስሙ አልጠፋም፤ ፎቶግራፎቹ ሳይቀሩ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ተጠብቀዋል፡፡

የመረሬው ዘዴ ዕጣ ከዚህ የተለየ ነው፡፡ በእነዋሪ አካባቢ ማሳው በማረሻ ከታረሰ በኋላ ሴቶችና ልጆች አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ ሰፊ መደብና ቦይ ያበጁ ነበር፤ ስንዴው በመደቡ ላይ ይበቅላል፣ ውሃው በቦዩ ይወርዳል፡፡ ከወፍጮው እጅግ የበለጠ እህል ያስገኘው ይህ ሥራ በስፋት ተመዝግቦ የሚገኘው ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ፣ በአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ማእከል (ኢልካ) ዘገባዎች ነው፡፡ የማእከሉ ባለሙያዎችና ተባባሪዎቻቸው ድካሙን ለማቃለል ሁለት የአገር ማረሻዎችን አጣምረው በበሬ የሚጎተት መሣሪያ ሠሩ፤ ገበሬው ቢቢኤም ይለዋል፡፡ 80 ሳንቲ ሜትር መደብና 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ ያወጣል፡፡ እንግዲህ የእጅ ጥበቡ በወረቀት ላይ የሰፈረው ሊተካ በታሰበበት ጊዜ መሆኑ ነው፡፡ ዘገባው ደግሞ የተጻፈው ለማሻሻል እንጂ ለታሪክ አልነበረም፤ የመደቡን ስፋትና የሥራውን ሰዓት ይለካል፣ የሠሪዋን ስም አይጠይቅም፡፡

ስለዚህ አንባቢው የዘገባውን ሠንጠረዥ ይዞ ደነባና እነዋሪ መውረድ፣ በእጃቸው መደብ ያበጁትን እናቶች በሕይወት ሳሉ መጠየቅ ይኖርበታል፡፡ ኢልካ እ.ኤ.አ. በ1994 ከሌላ ተቋም ጋር ተዋሕዶ ኢልሪ ስለ ተባለ የቀድሞ ሰነዶቹ በአዲሱ ስም ይፈለጋሉ፤ በኢንተርኔትም ይነበባሉ፡፡ በመዝገቡ ውስጥ የሚያዋጡት ቃላትም «ቨርቲሶል»፣ «እነዋሪ» እና «ድሬኔጅ» ናቸው፡፡