ከነፋስ ስልክ እስከ ገመድ አልባ ካርድ፦ የአንድ ስያሜ ታሪክ

ከአዲስ አበባ መሐል በስተ ደቡብ፣ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው አሮጌ መንገድ ላይ፣ ነፋስ ስልክ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ በዛሬው አነጋገር «ንፋስ ስልክ» እየተባለ ከላፍቶ ጋር ተጣምሮ የአንድ ክፍለ ከተማ መጠሪያ ሆኗል። የታክሲ ረዳቱ በቀን መቶ ጊዜ ይጠራዋል፤ ተሳፋሪውም ይሰማዋል፤ ትርጉሙን ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሰፈሩ ይህን ስም ያገኘው ከዚያ ከተተከለው የሬዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ ነው። ያለ ሽቦ የሚያነጋግረውን መሣሪያ አባቶቻችን ነፋስ ስልክ አሉት። ዛሬ «ገመድ አልባ» ለምንለው ነገር ቀድሞ የተሰጠው አማርኛ ስም ይህ ነው ማለት ነው።

ይህ ጽሑፍ ስሙ እንዴት እንደ ተፈጠረ፣ ለምን ከመሣሪያው ተለይቶ በሰፈር ላይ እንደ ቀረ፣ በምትኩ የገባው ቃልስ ምን እንደሚጎድለው ለመመርመር ይሞክራል። ለጽሑፉ ምክንያት የሆነው አንድ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ይኸውም ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ ኮምፒዩተር ሣጥን ውስጥ የሚሰካው፣ በተለምዶ «የዋይፋይ ካርድ» የሚባለው ነው። ምርመራውን በሦስት ቦታዎች፣ በሰበታ፣ በሱሉልታና በቡራዩ እናደርገዋለን። ሦስቱም አዲስ አበባን የከበቡ፣ የየራሳቸው አስተዳደር የነበራቸው ከተሞች ሲሆኑ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል።

በመጀመሪያ «ስልክ» የሚለውን ቃል እንመልከት። ስልክ ከዐረብኛ የተወረሰ ሲሆን በምንጩ ክር ወይም ሽቦ ማለት ነው። የፈረንጆቹ «ቴሌፎን» ከግሪክ ተውጣጥቶ የሩቅ ድምፅ የሚል ትርጉም ሲይዝ፣ የእኛ ቃል የወጣው በዐይን ከታየው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 እና በ1899 መካከል ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መስመር ሲዘረጋ፣ ባላገሩ ያየው ድምፁን ሳይሆን ተራራውን እያቋረጠ የሚሄደውን ሽቦና የተሸከመውን ምሰሶ ነው። «የስልክ እንጨት» የሚለው አነጋገር እስከ ዛሬ የዚያን ዘመን እይታ ይዞ ይኖራል። በነዚሁ ከተሞች ከአማርኛ ጋር ጎን ለጎን የሚነገረው ኦሮምኛ በበኩሉ ዕቃውን በጆሮ ሰምቶ «ቢልቢላ»፣ ማለትም ደወል፣ ብሎታል። አማርኛም ቢሆን በስሙ ሽቦን ቢመርጥ፣ በግሡ ግን ወደ ደወል ተመልሶ «ደወለ» ይላል። እንግዲህ አንዱ መሣሪያ በግሪኩ በርቀቱ፣ በዐረብኛው በቁሱ፣ በኦሮምኛው በድምፁ ተሰይሟል ማለት ነው።

ሽቦው የቀረበት ስልክ በመጣ ጊዜ ግን ችግር ተፈጠረ። ዐረብኛ ችግሩን የፈታው በአፍራሽ ቃል ነው፤ «ላ ሲልኪ» አለው፣ ሽቦ የሌለው ማለቱ ነው። እንግሊዝኛም ያደረገው ይህንኑ ነው። አማርኛ ግን እንዲህ አላደረገም። የሌለውን ከመናገር ይልቅ አለ ብሎ ያሰበውን ተናገረ፤ ሽቦው ካልተሸከመው የተሸከመው ነፋስ ነው አለ። በምንጩ ትርጉም ከሄድን ነፋስ ስልክ «የነፋስ ሽቦ» ማለት ይሆናል፤ ይህም እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። ነገር ግን ግጭቱ ራሱ አንድ ማስረጃ ይሰጠናል። ስያሜው በወጣበት ጊዜ ስልክ የሚለው ቃል የሽቦ ትርጉሙን ጥሎ የሩቅ ንግግር ትርጉም ይዞ ነበር፤ ባይሆን ኖሮ ከነፋስ ጋር ባልተጣመረ። ለመዝገበ ቃላት ሠሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የአንድ ቃል ትርጉም መለወጡን የሚመሰክር የሰፈር ስም ዘወትር አይገኝምና።

የሬዲዮ ሥርጭት በኢትዮጵያ በ1927 ዓ.ም. ሲጀመር «ሬዲዮ» የሚለው የውጭ ቃል አብሮ ገባ። ቃሉ በሕዝብ አፍ የጸናው ግን ሙዚቃና ወሬ ከሚያሰማው ሣጥን ጋር ተያይዞ ነው። ይህን ከሰበታ በስተ ደቡብ ባለው በገጃ እናገኘዋለን። በየካቲት 1955 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው የ100 ኪሎ ዋት ኀይል ያላቸው ሁለት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎቹ የተተከሉት በገጃ ነበር። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ጣቢያው በመንግሥት ተወረሰ። ከገጃ ሜዳ የተነሣው ድምፅ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ አገሮች ይደርስ ነበር። ሆኖም ለሰሚው ሁሉ «ሬዲዮ» ማለት ቤቱ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ተቀባይ ሣጥን እንጂ በገጃ የቆመው ላኪ ምሰሶ አልነበረም። ቃሉ ጠበበ፤ የሚሰማ እንጂ የሚናገር ዕቃ መሆኑ ቀረ። የሚናገረውን ለመለየት «የመገናኛ ሬዲዮ» የሚል ቅጽል ማስፈለጉም ከዚህ የተነሣ ነው።

ከሰበታ ወደ ሰሜን ተሻግረን፣ እንጦጦን አልፈን፣ የጎጃምን መንገድ ስንይዝ ሱሉልታ እንደርሳለን። በ1971 ዓ.ም. የሳተላይት ምድር ጣቢያ የተተከለው በዚህ ሜዳ ነው። ጣቢያው የሚነጋገረው ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኝ ሳተላይት ጋር ነው። ይህ ርቀት ስለ ስያሜያችን የሚነግረን ነገር አለ። ነፋስ የሚገኘው ከምድር አጠገብ ነው፤ ከመንገዱ የሚበልጠው እጅ ባዶ ጠፈር ነው። የሬዲዮ ሞገድ ነፋስ አይሸከመውም፤ አየር በሌለበትም ይጓዛል። ስለዚህ ነፋስ ስልክ ውብ ቃል ቢሆንም በሱሉልታ ሜዳ ላይ ስሕተቱ ይገለጣል። ስሙ ለሰፈር ቀርቶ መሣሪያው ሌላ ስም ቢፈልግ የሚያስቆጭ አይደለም።

የተተካው ስምስ? አንዳንዱ «ሽቦ አልባ» ይላል፤ ሌላው፣ በተለይም በዛሬው ዘመን፣ «ገመድ አልባ» ይላል። «አልባ» ከግዕዝ የመጣ ሲሆን በምንጩ «የላትም» ማለት ነው፤ አማርኛ ጾታውን ትቶ ለማናቸውም ጉድለት መግለጫ አድርጎታል። ወላጅ አልባ፣ ቤት አልባ፣ አገር አልባ፣ ዋጋ አልባ እንላለን። እነዚህን ቃላት በተራ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ሁሉም የተነጠቀና የተቸገረ ነገር ስሞች ናቸው። ገመድ አልባ የተባለው መሣሪያ ግን ገመድ ስላጣ የተጎዳ አይደለም፤ በሌላ መንገድ የሚሠራ ነው። ስሙ የሌለውን ይነግረናል፤ ያለውን አይነግረንም። ከዚህም በላይ፣ ስልክ በምንጩ ሽቦ መሆኑን ካስታወስን፣ «ገመድ አልባ ስልክ» ስንል ሽቦ የሌለው ሽቦ ማለታችን ነው። ነፋስ ስልክ ያመለጠው ግጭት በተተኪው ላይ ተመልሶ መጣ።

አሁን ወደ ትንሿ ካርድ እንምጣ። 1989 ዓ.ም. ለዚህ ታሪክ ልዩ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት አካዳሚው ያዘጋጀው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ታተመ፤ በዚያው ዓመት የኢንተርኔት አገልግሎት በኢትዮጵያ ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ውስጥ ኮምፒዩተሮች በሬዲዮ ሞገድ የሚገናኙበት ዓለም አቀፍ ደረጃ በአሜሪካ መሐንዲሶች ማኅበር ጸደቀ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ለዚሁ ደረጃ «ዋይፋይ» የሚል የንግድ ስም ወጣለት። ብዙ ሰው ቃሉን የሌላ ሐረግ ምሕጻር ያደርገዋል፤ እርሱ ግን ለገበያ ተብሎ የተፈጠረ ስም ነው። መዝገበ ቃላቱ ሲታተም ዕቃው ገና በገበያ ስላልነበረ፣ ስያሜውን የመወሰን ሥራ ለጥገና ቤቶች ቀረ።

በአምቦ መንገድ ላይ ባለችው በቡራዩ አንድ የጥገና ቤት ገብቶ ሥራውን ለሚመለከት የቋንቋ ተማሪ ብዙ ትምህርት ይገኛል። ባለሙያው ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ስፒናውን ይነቅላል። በገላው ላይ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳያቃጥል የሣጥኑን ብረት ይነካል። በካቻቢቴ ብሎኑን ፈትቶ የጎኑን ክዳን ያወጣል። ከኋላ ያለችውን መሸፈኛ ቆርቆሮ ያነሣል፤ ካርዱን በጠርዙ ይዞ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው መሰኪያ ትይዩ አድርጎ፣ ሳያዘነብል፣ እስኪገባ ድረስ ይጫነዋል፤ መልሶ በብሎን ያስረዋል። አንቴናዎቹን ከኋላ ያጠብቃል፤ በመጨረሻም ድራይቨሩን ይጭናል። በዚህ የሩብ ሰዓት ሥራ ውስጥ ስፒናና ካቻቢቴ ከጣሊያንኛ፣ ማዘርቦርድና ድራይቨር ከእንግሊዝኛ መጥተው ከአማርኛው «ነቀለ፣ ፈታ፣ ጫነ፣ አሰረ» ጋር ተስማምተው ይሠራሉ። ስሞቹ የውጭ ናቸው፤ ግሦቹ ሁሉ ግን የእኛ ናቸው። ባለሙያዎቹ ቋንቋውን አበላሹ የሚል ሰው ይህን ልብ ሊል ይገባዋል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ እንዲህ ባለ ቤት ተቀምጦ ሳለ አንዲት እናት የልጃቸውን ኮምፒዩተር አስይዘው መጡ። ቤታቸው በአንድ ግቢ ካሉት የኪራይ ክፍሎች አንዱ ነው፤ ኢንተርኔቱ ያለው በአከራዩ ሳሎን ነው፤ ገመድ በግቢው ላይ መሳብ አልተፈቀደላቸውም። ባለሙያው «የኔትወርክ ካርድ ይግባለት» ሲላቸው «ልጄ፣ ካርዱ ስንት ብር ይይዛል?» አሉት። በአገራችን ካርድ ማለት በመጀመሪያ የስልክ ሒሳብ የሚሞላበት ነውና ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። «ገመድ አልባ ነው፣ እማማ» ብሎ ቢያስረዳቸው «ታዲያ መብራትም አይፈልግ?» አሉት። ይህም ከስሙ ሲነሡ ትክክል ነው። በመጨረሻ ወጣቱ «ሬዲዮ ነው ይበሉት፤ ይናገራል፣ ይሰማል፤ የሚነጋገረውም ሳሎን ካለው ሣጥን ጋር ነው» አላቸው። ያን ጊዜ ፊታቸው ተፈታ፤ ቀጥሎም «የግንቡ ግድግዳ አይከለክለውም?» ብለው ጠየቁ። መጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ይህ ነበር። ግንብ ሞገዱን ያደክመዋል፤ ቆርቆሮ ደግሞ ይመልሰዋል፤ አንቴናውም ከብረቱ ሣጥን ጀርባ ተሸጉጦ ከግድግዳ ጋር ከተጣበቀ ካርዱ መልካም ሆኖ ሳለ ግንኙነቱ ይበላሻል።

እኒህ እናት ትክክለኛውን ጥያቄ መጠየቅ የቻሉት ዕቃው በወገኑ ስለ ተጠራላቸው ነው። በገጃ የቆመው የ100 ኪሎ ዋት ማሠራጫና ከ0.1 ዋት እምብዛም የማይበልጠው የቡራዩ ካርድ በኀይል አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይበላለጣሉ፤ በዘር ግን አንድ ናቸው። የሱሉልታው ጣቢያም የዚሁ ቤተ ሰብ ነው። ሦስቱን የሚያዛምደው ቃል «ነፋስ» አይደለም፤ «አልባ»ም አይደለም፤ ሬዲዮ ነው።

ከዚህ በመነሣት ለመዝገበ ቃላት ሥራ የሚከተለውን ማቅረብ ይቻላል። «ገመድ አልባ» በሕዝብ ዘንድ የጸና ቃል ስለሆነ በመሪ ቃልነቱ ይቀመጥ፤ የጸናውን ቃል ምሁር ስላልወደደው መሻር አይቻልም። ፍቺው ግን ከጉድለት አይጀምር፤ «በሬዲዮ ሞገድ የሚገናኝ» ከሚለው ይጀምር። «ሬዲዮ» ለተቀባዩ ሣጥን ብቻ ተሰጥቶ የቆየው ፍቺ ሰፍቶ፣ ላኪውንም ተቀባዩንም እንዲይዝ ይደረግ። «ካርድ» ሲመዘገብ የሚሞላውና የሚሰካው በተለያየ ቁጥር ይለዩ። «ዋይፋይ» የንግድ ስም መሆኑ ተጠቅሶ እንደሚነገር ይግባ። «ነፋስ ስልክ» ደግሞ የሰፈር ስም ብቻ ተብሎ አይታለፍ፤ የቀድሞ ትርጉሙ ከነታሪኩ ይመዝገብ።

ቃል መርማሪ የቃልን እውነተኛነት ብቻ የሚመዝን ከሆነ ነፋስ ስልክን ይጥለዋል። ነገር ግን ያን ስም ያወጡት ሰዎች ከባዕድ ቋንቋ «የለም»ን አልተዋሱም፤ ያላዩትን ኀይል ምን እንደሚሸከመው አስበው ስም ሰጡት። መልሳቸው ቢሳሳትም ጥያቄያቸው የሳይንስ ጥያቄ ነበር። የቡራዩው ወጣትም ለእናቲቱ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ዕቃው ምን እንደሌለው ሳይሆን ምን እንደሚሠራ ነገራቸው። የስያሜ ኮሚቴዎቻችን ከመዝገብ ክፍላቸው ወጥተው እንዲህ ያሉትን ቤቶች ቢጎበኙ፣ ሊፈጥሩ የሚደክሙበትን ቃል ተፈጥሮ ያገኙታል።