የቀዳማዊ ምኒልክ ትውፊት ከጣና ቂርቆስ እስከ ሕገ መንግሥት

ቀዳማዊ ምኒልክ በኢትዮጵያ ትውፊታዊ ታሪክ የንጉሥ ሰሎሞንና የንግሥተ ሳባ ልጅ፣ የሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥትም መሥራች ተደርጎ የሚታወቅ ንጉሥ ነው። በክብረ ነገሥት ስሙ በይነ ለሕክም ሲሆን፣ በኢየሩሳሌም ተቀብቶ ሲነግሥ ዳዊት መባሉ ተጽፏል።

ትውፊቱ ለፎገራ ሕዝብ ሩቅ አይደለም። በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከፎገራ ሜዳ ብዙም ሳይርቅ በሚገኘው የጣና ቂርቆስ ገዳም፣ ቀዳማዊ ምኒልክ ያመጣት ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመወሰዷ በፊት በሥፍራው እንዳረፈች አባቶች ይተርካሉ።

ክብረ ነገሥት ዛሬ በሚታወቅበት መልኩ በግዕዝ የተዘጋጀው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሲሆን፣ ሥራው ከአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅ ስም ጋር የተያያዘ ነው። ይህም ዓጼ ይኩኖ አምላክ በ1270 እ.ኤ.አ. የዛጉዌን መንግሥት ተክተው ከነገሡ በኋላ መሆኑ ነው። በሰሎሞን ዘመንና በመጽሐፉ መካከል ከ2 ሺህ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ አለ። ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ባስቀረጻቸው የድንጋይ ጽሑፎች ራሱን የሚጠራው የሰሎሞን ዘር እያለ ሳይሆን የማሕረም አምላክ ልጅ እያለ ነው።

ጃፓን በወረታና አካባቢው ይበልጥ የምትታወቀው ለሩዝ ልማት በሰጠችው ድጋፍ ቢሆንም፣ በዚህ ረገድም ተመሳሳይ ታሪክ አላት። በ712 እና በ720 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቁት ኮጂኪና ኒሆን ሾኪ የተባሉት መጻሕፍት የመጀመሪያውን ንጉሠ ነገሥት ጂሙን ከፀሐይ አምላክ ከአማቴራሱ ያወርዱታል። የነገሠበትም ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት 660 ዓመት ነው ይባላል። የታሪክ ምሁራን ግን ጂሙን በአፈ ታሪክ ውስጥ ይመድቡታል።

ሁለቱም ትውፊቶች ሕግ ሆነዋል። የ1889 እ.ኤ.አ. የጃፓን ሕገ መንግሥት አገሪቱ ከጥንት ጀምሮ ባልተቋረጠ የነገሥታት ዘር እንደምትገዛ ደንግጓል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ይህንኑ ሰነድ አብነት አድርገው ያረቀቁት የ1923 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 3 ዘውዱን ከቀዳማዊ ምኒልክ ሳይቋረጥ ለወረደ ዘር ሰጥቷል። የ1948ቱ ማሻሻያም ይህንኑ አጽንቷል። ጉዳዩ የክብር ስም ብቻ አልነበረም፤ የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን የማይነካና የማይመረመር የሆነው በዚሁ ዘርና በቅብዓቱ ምክንያት ነው።

በጃፓን በ1947 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን ቦታ ከሕዝብ ፈቃድ የሚመነጭ አደረገው። በኢትዮጵያ ደግሞ የዘውድ ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. ተሽሯል።

የወረዳ መግለጫና የቱሪስት ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ከወረታ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ እንፍራዝ አጠገብ ስላለው የጉዛራ ቤተ መንግሥት ሲጽፉ፣ አሠሪውን ዓጼ ሠርፀ ድንግልንና የንግሥና ዘመናቸውን (1563 እስከ 1597 እ.ኤ.አ.) ያለ ሥጋት መጥቀስ ይችላሉ። ግንቡ ቆሞ ይታያል፤ ንጉሡም ዜና መዋዕል አላቸው። ስለ ጣና ቂርቆስ ሲጽፉ ግን «በትውፊት እንደሚነገረው» የሚለውን ቃል ማስቀደም ተገቢ ነው።