ዝም ያለ ሰው ተስማምቷልን?

እስቲ ለአፍታ ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ ይግቡና በርበሬ ከምትሸጥ አንዲት እናት አጠገብ ቁጭ ይበሉ። ጠዋት በስልኳ ላይ 25 ብር አስሞልታለች። እስከ ቀትር ለማንም አልደወለችም። ዘጌ ለምትኖር ልጇ ልትደውል ስትል ግን ሒሳቧ ጎድሎ ታገኘዋለች። አንድ የጎረቤት ልጅ ስልኩን ተቀብሎ ሲያገላብጥ ከአንድ አጭር ቁጥር በየማለዳው መልእክት ሲገባ መክረሙን ያያል። እናቲቱ ማንበብ ስለማትችል ከመልእክቶቹ አንዱንም አላነበበችም። ከወራት በፊት ስልኩ ላይ ብቅ ያለን ጽሑፍ ለማጥፋት ስትሞክር የነካችው ቁልፍ «እሺ» የሚል ነበር። ከዚያች ዕለት ወዲህ አገልግሎቱ በየቀኑ ራሱን በራሱ እያደሰ ከሒሳቧ ሲቆርጥ ኖሯል።

ይህች እናት ለምሳሌ ያህል የቀረበች ናት። ይሁንና ታሪኳ ለእርስዎ እንግዳ እንደማይሆን እገምታለሁ። መልእክቱ የእግር ኳስ ወሬ፣ የጤና ምክር፣ አንዳንዴም የዕለቱ ሐዲስ ሊሆን ይችላል። በቀን የሚቆረጠው 1 ብር ብቻ ቢሆን እንኳ በዓመት 365 ብር ነው። አንድ ብር ስለሆነ ማንም አቤት አይልም፤ አቤት የማይባልበት ገንዘብ ከብዙ ሺህ ስልክ ሲሰበሰብ ግን ትልቅ ሀብት ይሆናል።

ለመሆኑ ይህች እናት ተስማምታለችን? ዝምታዋ እንደ ፈቃድ ሊቆጠር ይገባዋልን? ጥያቄው በሞባይል ስልክ ዘመን የተወለደ ይመስላል። እውነቱ ግን ከዚያ በጣም የራቀ ነው። የፊቅህ ሊቃውንት ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት መርምረውታል፤ የሀገራችን ሕግም ከስድሳ ዓመት በላይ በመጽሐፉ አስፍሮት ይገኛል።

ኬላና እቁብ

በጣና ዳርቻ በየጊዜው የሚከፈል ገንዘብ አዲስ ነገር አይደለም። ጎንደር በአፄ ፋሲለደስ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1636 ከተቆረቆረች በኋላ ሙስሊም ነጋዴዎች የሩቅ ንግዱ ጀርባ አጥንት እንደነበሩ ይታወቃል። ከሐይቁ በስተምሥራቅ ያሉት ደሪጣ፣ ይፋግና ቆራጣ ስማቸው ከንግድ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ሲራራ ነጋዴው ወደ ምጽዋም ሆነ ወደ መተማ ሲወጣ በየመንገዱ ኬላ ይጠብቀው ነበር። በአንዱ ኬላ ከፍሎ ሳይርቅ ሌላው ይደርሳል። ሸክሙ ከባድ ነበር፤ ነጋዴውም አምርሮ ያማርር ነበር። ነገር ግን የሚቀበለውን እጅ በዓይኑ ያያል፤ ይከራከራል፤ ሲከፋውም መንገድ ይለውጣል። ከኪሱ ሳያውቅ የወጣ ነገር አልነበረም።

እቁብን ደግሞ ይመልከቱ። ባሕር ዳር ውስጥ እቁብ ያልገባ ነጋዴ ማግኘት ያስቸግራል። በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ሳያቋርጡ ይከፍላሉ፤ ዳኛ አለው፤ ጸሐፊ አለው። ዙሩ ሲያልቅ ግን እቁቡ አለቀ ማለት ነው። አዲስ ዙር የሚጀመረው ሰዎቹ እንደገና ተጠያይቀው፣ የሚወጣው ወጥቶ፣ የሚገባው ገብቶ፣ መጠኑም ተወስኖ ነው። ባለፈው ዙር የነበረ ሰው ዝም ስላለ ብቻ «ገብተሃልና ክፈል» የሚለው ዳኛ የለም። የመጽሔት ደንበኝነትም እንዲሁ ነበር፤ አንባቢ የአሥራ ሁለት ወር ከፍሎ የአሥራ ሁለት ወር እትም ይቀበላል፤ ሲያልቅ ይጠየቃል፤ ፈቃዱ ከሆነ ያድሳል።

ከኒውዮርክ የተነሣው ልማድ

ታዲያ ዝምታን ወደ ክፍያ የሚለውጠው አሠራር ከየት መጣ? በሰፊው የታወቀው አንዱ መነሻ በአሜሪካ በኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1926 የተመሠረተ የመጻሕፍት ክበብ ነው። «የወሩ መጽሐፍ ክበብ» ይባላል፤ ከመሥራቾቹ ዋነኛው ሃሪ ሸርማን የተባለ የማስታወቂያ ባለሙያ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ሆነ። ክበቡ በየወሩ ለአባሉ የሚመጣውን መጽሐፍ አስቀድሞ በደብዳቤ ያሳውቀዋል። አባሉ «አልፈልግም» ብሎ ካልመለሰ መጽሐፉ ይላክለታል፤ ሒሳቡም ይጠየቃል። ስለዚህ ለመግዛት ምንም ማድረግ አያስፈልግም፤ ላለመግዛት ግን መጻፍና ፖስታ ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ሥራ የበዛበት ሰው ይረሳል፤ በመርሳቱም ገዢ ይሆናል።

ሌሎች ነጋዴዎችም መንገዱን ተከተሉት። አቤቱታው በመብዛቱ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1973 ደንብ አወጣ፤ ደንበኛው «አልፈልግም» ለማለት ቢያንስ የ10 ቀን ጊዜ እንዲኖረውም አዘዘ። በደብዳቤ የተጀመረው ነገር ኋላ ወደ ባንክ ካርድ፣ ከዚያም ወደ ኢንተርኔትና ወደ ሞባይል ስልክ ተሻገረ።

በዘመናችን ይኸው ጉዳይ የት እንደደረሰ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ኮሚሽኑ አማዞን የተባለውን ግዙፍ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 ከሰሰው። ክሱ ኩባንያው ሰዎችን ያለ በቂ ፈቃዳቸው ፕራይም በሚባለው ራሱን በሚያድስ አገልግሎቱ አስገብቷል፤ መውጫውንም አጥብቦባቸዋል የሚል ነበር። በክሱ እንደተገለጸው የኩባንያው ሠራተኞች ይህን የመሰረዣ መንገድ በውስጥ «ኢልያድ» ይሉት ነበር፤ የረጅሙን የግሪኮች የጦርነት ግጥም ስም ማውጣታቸው ነው። ነገሩ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 በስምምነት ሲያልቅ ኩባንያው 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ከዚህ ውስጥ 1.5 ቢሊዮኑ ለደንበኞች የሚመለስ ነው። መግቢያው ሰፊ፣ መውጫው ጠባብ የሆነ በር በአጋጣሚ አይሠራም፤ አናጢ አለው።

ሊቃውንቱ ምን አሉ?

አሁን ወደ ራሳችን ቅርስ እንመለስ። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ-ን-ኒሳእ 29ኛ አንቀጽ የሰውን ገንዘብ ያለ አግባብ መብላትን ከልክሎ በመፈቃቀድ የሚደረገውን ንግድ ለይቶ ፈቅዷል። የንግዱ መሠረት የሁለቱ ወገኖች ውዴታ ነው። ነቢዩ ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) በግብይት እየተታለለ ለተቸገረ አንድ ሰው ሲገበያይ «ማታለል የለም» ብሎ እንዲያስታውቅ አስተምረውታል፤ በአንዳንድ ዘገባዎችም የሦስት ቀን የመመለስ መብት ሰጥተውታል። ሊቃውንት ኺያር ብለው የሚያስተምሩት የማሰቢያና የመመለስ መብት ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ከሁሉም በላይ ለጉዳያችን የሚቀርበው ግን የኪራይ ምዕራፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1037 (በ428 ዓመተ ሂጅራ) የሞቱት የሐነፊ መዝሀብ ሊቅ አል-ቁዱሪ በሙኽተሰራቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1197 (በ593 ዓመተ ሂጅራ) የሞቱት አል-መርጊናኒም በአል-ሂዳያ አንድ ጥያቄ መርምረዋል። አንድ ሰው ቤትን «በየወሩ በአንድ ዲርሃም» ብሎ ቢከራይና የወራቱን ቁጥር ባይወስን ውሉ እስከ መቼ ይጸናል? መልሳቸው ውሉ የሚጸናው ለመጀመሪያው ወር ብቻ ነው የሚል ነው። ተከራዩ በሁለተኛው ወር ጥቂት ጊዜ እንኳ ቢኖርበት ለዚያ ወር ደግሞ ይጸናል። በሻፊዒ መዝሀብ ጠንካራው አቋም ከዚህም ይጠብቃል፤ የወራቱ ቁጥር ያልተወሰነ እንዲህ ያለ ኪራይ ከመነሻውም አይጸናም።

ነገሩን ወደ ሐይቃችን አምጥተን እንየው። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር እንጨት ለማመላለስ የደንገል ታንኳ «በየወሩ በዚህን ያህል» ብለው ተከራዩ እንበል። ወሩ አለቀ። በማግስቱ እንጨት ጭነው ከቀዘፉ በሥራዎ አድሰውታልና ይከፍላሉ። ታንኳውን ለባለቤቱ መልሰው ወደ ቤትዎ ከሄዱ ግን ባለቤቱ «ዝም ብለሃልና የዚህንም ወር አምጣ» ሊልዎ አይችልም። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ ሊቃውንቱ ውል ያለ ቃል ሊታደስ መቻሉን አልካዱም። የሚያድሰው ግን መጠቀም ነው፤ መርሳት አይደለም። በቅዳሜ ገበያዋ እናት ስልክ ላይ ያለው ነገር የተገላቢጦሽ ነው። አላነበበችም፣ አልተጠቀመችም፣ መኖሩንም አላወቀችም፤ ውሉ ግን በየማለዳው ይታደሳል።

የሁለት ሕጎች መገናኘት

ኦቶማኖች ከ1869 እስከ 1876 እ.ኤ.አ. ድረስ አሕመድ ጀውደት ፓሻ በመሩት ጉባኤ የሐነፊን ፊቅህ በ1,851 አንቀጾች አደራጅተው መጀላ የተባለውን ሕግ አወጡ። በ67ኛው አንቀጽ ዝም ላለ ሰው ቃል እንደማይቆጠርበት፣ መናገር ግድ በሚሆንበት ቦታ የታየ ዝምታ ግን እንደ ቃል እንደሚወሰድ ደነገገ።

በሀገራችን ደግሞ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ወጣ። ቁጥር 1682 የውል ሐሳብ የቀረበለት ሰው ዝም ማለቱ እንደ መቀበል እንደማይቆጠር ይደነግጋል። ቁጥር 1684 ልዩ ሁኔታን ይፈቅዳል። ሁለቱ ወገኖች ቀድሞ የሥራ ግንኙነት ካላቸውና ውሉን የመቀጠል ሐሳብ በልዩ ጽሑፍ ቀርቦ በተገቢ ጊዜ ካልመለሰ እንደተስማማ እንደሚቆጠር ከተነገረው ዝምታው ሊያስገድደው ይችላል።

አንዱ ከኢስታንቡል፣ ሌላው ከአዲስ አበባ የወጡ ሁለት ሕጎች በአንድ ነገር መገናኘታቸውን ያስተውሉ። ሁለቱም ዘንድ ደንቡ ዝምታ ፈቃድ አለመሆኑ ነው። ሁለቱም ልዩ ሁኔታውን ያውቃሉ፤ ልዩ ሁኔታው ግን ሰውዬው አውቆ ዝም ሲል እንጂ ሳያውቅ ዝም ሲል አይደለም። የዛሬው ራሱን የሚያድስ ክፍያ ችግሩ ይህ ነው፤ ልዩ ሁኔታውን ደንብ አድርጎታል፤ የማሳወቁንም ግዴታ በደቃቅ ጽሑፍ ውስጥ ቀብሮታል።

ለሌላው ወገን ፍትሐዊ እንሁን። ራሱን የሚያድስ አገልግሎት ሁሉ ክፉ አይደለም። መስመሩ እንዳይቋረጥበት የሚፈልግ ነጋዴ፣ በየወሩ ማደስ የሚሰለቸው ሰው አውቆና ወዶ ቢመርጠው ምን ነውር አለው? ነገሩ የሚበላሸው ሰውዬው መጠቀሙን ካቆመ በኋላም መቁረጡ ሲቀጥል ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት ተቋርጦ እንደነበር እናስታውሳለን። በዚያ ጊዜ ውጭ ሀገር ያለ ልጅ ባሕር ዳር ላሉ ወላጆቹ በካርዱ የሚከፍልላቸው ወርኃዊ አገልግሎት ቢኖር ወላጆቹ ሊጠቀሙበት አይችሉም ነበር፤ ከስልካቸው ሊሰርዙትም እንዲሁ። ካርዱ ግን የጣናን ዳር መስመር መቋረጥ አያውቅም። የአል-ቁዱሪን መለኪያ ብንጠቀም ያልተኖረበት ቤት ኪራይ መሆኑ ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ውድ አንባቢ! በመጀመሪያ ዛሬ ማታ የእናትዎን፣ የአባትዎን፣ የአያትዎን ስልክ ይቀበሉና ይመልከቱ። ከአጭር ቁጥር በየቀኑ የሚገባ መልእክት ካለ በአብዛኛው «ስቶፕ» የሚለውን ቃል ወደዚያው ቁጥር በመላክ ይቆማል። የኢንተርኔት ወይም የድምፅ ጥቅል ሲገዙም ራሱን ያድስ ወይስ አያድስ የሚለውን ምርጫ ሳያዩ አይለፉ። ገንዘብ በስልክ መያዝ በተለመደበት በዚህ ዘመን የሚቆረጠው ሳንቲም ብቻ ላይሆን ይችላል። ያለ ፈቃድ ከተቆረጠብዎ ለአገልግሎት ሰጪው ያመልክቱ፤ መፍትሔ ካጡ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ። አንድ ብር ናት ብለው አይተዉት፤ የእርስዎ አንድ ብር የሌሎች ብዙ እናቶችም አንድ ብር ናት።

በሁለተኛ ደረጃ ቃሌ ለወጣት ባለሙያዎቻችን ነው። ዛሬ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው የስልክ አገልግሎት የሚሠሩ፣ የሐዲስና የቁርኣን መልእክት ለማሰራጨት የሚያስቡ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ረስቶ ከከፈለ ሰው በተገኘ ገንዘብ ሐዲስ ማድረስ ምን በረካ ይኖረዋል? የመውጫውን በር የመግቢያውን ያህል አስፉት። ጊዜው ሲደርስ እንደ እቁቡ ጸሐፊ ጠይቁ። ለሦስት ወር ያልከፈተውን ሰው ቁረጡለት እንጂ አትቁረጡበት።

በሱረቱል በቀራህ 282ኛ አንቀጽ የብድር ውል እንዲጻፍ ታዟል፤ ራሱ ማስጻፍ የማይችል ደካማ ሰው ቢኖር ደግሞ ኃላፊው በፍትሕ እንዲያስጽፍለት ተደንግጓል። ማንበብ የማትችለዋ እናት በፍትሕ የሚያነብላት ትሻለች። ያ ሰው እርስዎ ነዎት።

ወላሁ አዕለም።